ክቡራን ነዋሪዎች

ኤልቤቴል እናቷን ከዚያ ዳገት ለማውረድ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ለምናለች፣ ተቆጥታለች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ልካለች። ዲላ ድረስ አምጥታም ከመናኸሪያው ጀርባ የተከራየችላቸውን ክፍል አሳይታቸዋለች። እማማ ድንቅነሽ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩና "ታዲያ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላይ ላፍጥጥ? ግድግዳው ላይ?" ብለው በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ይርጋጨፌ ተመለሱ። ከኢዲዶ ቀበሌ በላይ ባለው ዳገት እንሰታቸው አለ፣ ቡናቸው አለ፣ ባላቸው የተቀበሩበት መሬት አለ። የትም አይሄዱም። አለቀ።

ዳገቱ ግን ክፉ ነው። ባለፈው ክረምት ከጎረቤታቸው ከበፍቃዱ ጓሮ በላይ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ክንድ ያስገባ ነበር። በፍቃዱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አፈር ሞላበትና ጎደሬ ተከለበት! ምን ያድርግ ደግሞ፣ ሌላ መሬት ከየት ያምጣ? ሚስቱ ሮሆቦት ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። ሁለት ልጆቿን ይዛ እማማ ድንቅነሽ በር ላይ ትቆምና "እማማ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?" ትላለች። በዚያ ዳገት ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እማማ ድንቅነሽን ነበር። ምክንያቱም ልጃቸው ናት ማስጠንቀቂያውን የምትልከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልቤቴል ዲላ ውስጥ በአንድ የአደጋ መከላከል ፕሮጀክት ቢሮ የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። እሷ የጻፈችው ፕሮግራም በየተራራው ከተተከሉት የዝናብ መለኪያዎች ቁጥር ይቀበላል። ዝናቡ ከልክ ሲያልፍ ከአንድ ወገን ስልክ ቁጥሮች፣ ከሌላ ወገን መልእክት ያለበት ፋይል ያወጣል። ፋይሉ የቢሮው ኃላፊ አይተው ሲያጸድቁት ወደ ላኪው ማሽን ይገባል፣ ከዚያ በሰው ስልክ ላይ ጡጥ ይላል። መብራት በሌለበት አገር የሁሉም ስልክ ቻርጅ ስለማይኖረው፣ ለየሰፈሩ አንድ ሰው ተመርጧል። መልእክቱ ለእሱ ይደርሳል፣ እሱ ለጎረቤቱ ይጮሃል። ለእናቷ ሰፈር ኤልቤቴል የመረጠችው እናቷን ነው። ማንን ትምረጥ?

"እሺ፣ አትውረጂ" አለቻቸው በመጨረሻ። "ግን ቃል ግቢልኝ። የእኔ መልእክት ከመጣ ድስት ሳትይ፣ ዶሮ ሳትይ፣ ሰዉን ሁሉ ይዘሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ትወጫለሽ።"

"ካልመጣስ?"

"ካልመጣ ቤትሽ ተቀመጪ። ማሽኑ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ያውቃል።"

እማማ ድንቅነሽ ቃል ገቡ። ቃል ከገቡ ደግሞ ገቡ ነው። አማርኛ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ብለው ስለነበር፣ የሙከራው መልእክት የመጣ ዕለት ቁጭ ብለው ፊደል በፊደል አንብበው ለልጃቸው ደወሉ። "'ይህ ሙከራ ነው' ይላል! አንቺ ነሽ?" አሉ። "እኔ ነኝ!" አለች ኤልቤቴል። ደስታዋን አትጠይቁኝ።

አሁን ስለ ፋይሉ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። ኮምፒዩተር ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። 'ው' ለእሱ ቁጥር ነው፣ 'ጡ' ሌላ ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያየው ከሰንጠረዥ ነው። የዓለም ፊደል ሁሉ የገባበት ትልቅ ሰንጠረዥ አለ፣ የእኛም ከሀ እስከ ፐ እዚያ ውስጥ ነው። ድሮ የተሠራ፣ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ያለበት ትንሽ ሰንጠረዥም አለ። የቢሮ ኮምፒዩተር፣ ይሄ ግትር፣ ካልነገሩት በቀር አሁንም የሚገልጠው ትንሿን ነው።

የኤልቤቴል ፋይል የተጻፈው በትልቁ ነበር። ላኪው ማሽን አሳምሮ ያነበዋል። ግን የቢሮው ኃላፊ አቶ ኃይለኢየሱስ ፋይሉን ኤክሴል ላይ ሲከፍቱት ኤክሴል በትንሿ ሰንጠረዥ ያየውና ዝባዝንኬ ይረጨዋል።

"ኤልቢዬ፣ ቫይረስ ነው እንዴ?" አሉ የመጀመሪያው ቀን፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

"አይደለም ጋሽ ኃይሌ። እሱ ለማሽን እንጂ ለሰው አይን አይደለም። ዝም ብለው 'አጽድቅ' የሚለውን ይጫኑት።"

"የለም የለም ልጄ። ያላየሁትን ነገር በቢሮው ስም ለሕዝብ አላሳልፍም።"

ክፉ ሰው አይምሰሏችሁ። አቶ ኃይለኢየሱስ አባታቸው ከሸዋ መጥተው ዲላ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር 'እርስዎ' የሚሉ፣ ለቅሶ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ያሉትም ልክ ነው፤ ኃላፊ ያላነበበውን እንዴት ያጽድቅ? ኤልቤቴልም ልክነቱን አይታ በፋይሉ ራስ ላይ ትንሽ ምልክት ጨመረች። ምልክቷ አትታይም። ለኤክሴል ግን "በትልቁ ሰንጠረዥ ነው የተጻፍኩት" ትለዋለች። በማግስቱ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። "ተባረኪ! እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ፣ እሷም ደስ አላት። የሚነበበውን ነገር ሰው ማረም እንደሚያምረው ግን አላሰበችም። ወይኔ፣ ያን ጊዜ ማን አሰበው!

ጥቅምት ገባ፣ ቡናው መቅላት ጀመረ፣ ዝናቡ ግን አልሄድም አለ። ቀን ይዘንባል፣ ማታ ይዘንባል። ይርጋጨፌ አካባቢ መብራት ከጠፋ ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ የኢዲዶው መለኪያ ቁጥር ከልክ አለፈ፣ ፕሮግራሙም ፋይሉን አወጣ። መልእክቱ ኤልቤቴል ራሷ የጻፈችው ነው፤ አጭር። "አደጋ ነው። መሬቱ ሊናድ ይችላል። አሁኑኑ ውጡ።"

ኤልቤቴል ከጠረጴዛዋ ሆና የላኪውን ማሽን ገጽ ስታይ ቆየች። አቶ ኃይለኢየሱስ በራቸው ክፍት ነው፣ ጎንበስ ብለው ሲያነቡ ይታያሉ። ትንሽ ቆዩ። ምን ያቆያቸዋል ብላ ልትነሳ ስትል ጸደቀ። "ተልኳል" አለ ማሽኑ። ወዲያው ደግሞ "ደርሷል"። የእናቷ ቁጥር ጎን፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ "ደርሷል"።

እናቷ ዘንድ ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጁ አልቆ ይሆናል፤ ይሁን፣ መልእክቱ ደርሷል፣ አሁን መንገድ ላይ ናቸው አለች በልቧ። በፍቃዱን፣ ሮሆቦትን፣ ልጆቹን፣ ሁሉንም ከፊት ከፊት እየነዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ታዩዋት። ቀኑ ሳይመሽ ከይርጋጨፌ ተደወለ። ዳገቱ ተንዷል። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ "ኢየሱስ!" ሲሉ ኤልቤቴል አላለቀሰችም። እንዲያውም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደረቷ ነፋ አለ። ያ ሁሉ ሰው አሁን ሜዳው ላይ ቆሞ ቤቱ ሲሄድ እያየ ነው፣ ግን በሕይወት አለ ብላ ነበር።

ማለዳ መኪናው እስከሚደርስበት ሄዳ ቀሪውን በሞተር ወጣች። መጀመሪያ ያየችው እናቷን ነው። በጭቃ ተለውሰው፣ በራሳቸው ደጃፍ፣ በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ቤታቸው ቆሟል። ከቤታቸው ወዲያ ግን የበፍቃዱ ቤት የለም፣ ጓሮው የለም፣ እንሰቱም የለም፤ ያለው ቀይ ጭቃ ነው። ጭቃው ላይ በፍቃዱ አካፋ ይዞ ይቆፍራል። ሰዎች ተው ይሉታል፣ አይሰማም።

"እማ፣ ለምን አልወጣችሁም?" አለች ኤልቤቴል።

እማማ ድንቅነሽ ቀና ብለው አዩዋት። "መልእክትሽ አልመጣም እኮ።"

ከዚያ ነገሯት። ሮሆቦት ከጠዋት ጀምሮ ጓዟን ጠቅልላ ነበር። ልጆቹን ጫማ አድርጋላቸው ነበር። በፍቃዱ ኮንጋ ወዳለው ቡና ማጠቢያ ለሥራ ወርዷል። እሷ እየተመላለሰች "እማማ፣ እንውጣ ወይ? ይሄ ዝናብ ደስ አላለኝም" ትላለች። እሳቸው "ቆይ፣ የልጄ መልእክት አልመጣም። አደጋ ቢኖር ትልክ ነበር" ይላሉ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ዝናቡ አስፈርቷቸው ማንንም ሳይጠይቁ ከምሳ በኋላ ወጥተዋል። ሮሆቦት የእማማ ድንቅነሽን ቃል አመነች፣ ጓዙን ፈታች፣ ልጆቹን አስተኛች። 

"ልኬያለሁ እማ። ደርሷል ይላል።"

"አልደረሰም።"

"ስልክሽን አምጪው።"

ሞተረኛው ፓወር ባንክ ነበረው። ሰኩት፣ ጠበቁት፣ ተከፈተ። የቢሮው መልእክት አለ። ኤልቤቴል ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ነው። የጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ደግሞ የጥያቄ ምልክት። አንድም ፊደል የለም።

"እሱን አይቼዋለሁ" አሉ እናቷ። "የማን እንደሆነ አላወቅኩም። የጥቅል ሽያጭ፣ የሎተሪ ምናምን መሰለኝ። ከዚያ ስልኩም ጠፋ። ምነው? ያንቺ ነው እንዴ?"

ኤልቤቴል ከእናቷ እንሰት ጀርባ ሄዳ አቶ ኃይለኢየሱስ ዘንድ ደወለች።

"ጋሽ ኃይሌ፣ ትናንት ፋይሉን ነክተውት ነበር?"

"ኧረ እኔ! ምኑን ነክቼ?" አሉ። ወዲያው ደግሞ "ሰላምታ ብቻ ነው የጨመርኩበት" አሉ።

"ምን ሰላምታ?"

"'ውጡ' ብቻ ይላል እኮ ልጄ። ባዶውን። እዚያ ላይ ያሉት አባቶች እናቶች ናቸው፣ ያንቺም እናት አሉበት። ሰው እንዲህ ይታዘዛል? ከብት አይደለም። 'ክቡራን ነዋሪዎች' ብዬ ጀመርኩና፣ 'እባካችሁ' ጨመርኩ። በቃ። ሴቭ አደረግኩት፣ አንድ ሳጥን ብቅ ብሎ ጠየቀኝ፣ 'የስ' አልኩት። ከዚያ በኋላም አይቼዋለሁ፣ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ነበር። ምነው? ችግር አለ?"

ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንዴት አይታይ! ኤክሴል ፋይሉን ተከፍቶ እስካለ ድረስ ያሳምረዋል። ዲስኩ ላይ ግን በዚያች በትንሿ ሰንጠረዥ መልሶ ጽፎታል። በትንሿ ሰንጠረዥ 'ክ' የለችም፣ 'ቡ' የለችም፣ 'ውጡ' የለም። ቦታ የሌለውን ፊደል ሁሉ አውጥቶ ጥሎ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ይተክላል። ቁጥሮቹ ግን አልተነኩም፣ ቁጥር በሁሉም ሰንጠረዥ ውስጥ አለ። ስለዚህ መልእክቱ ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ባዶውን ደረሰ። ፋይሉ ዝባዝንኬ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አቶ ኃይለኢየሱስ እየተነጫነጩ ያጸድቁት ነበር። የሚነበብ ያደረገችላቸው እሷ ናት። ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ "ፊደሉ አለ ወይ?" ብሎ የሚመረምር መስመር ልትጽፍ ስትችል ያልጻፈችውም እሷ ናት። ያ መስመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

"ኤልቢዬ? አለሽ?"

"አለሁ" አለችና ዘጋችው።

ሮሆቦትን ከሰዓት በኋላ አገኟት። ትልቁ ልጅ እቅፏ ውስጥ ነበር። ትንሿን ያገኟት በማግስቱ ነው።

ትንሿ በተገኘችበት ቀን ኤልቤቴል ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ከሰንጠረዡ እስከ ሰላምታው። እማማ ድንቅነሽ ሰንጠረዡ አልገባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ይሄ ከታወቀ ያስሩሻል?"

"አላውቅም እማ። ሊሆን ይችላል። መታሰሩንስ ተይው፣ በፍቃዱ ምን ይለኛል?"

እናቷ አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አነሱና "ይሄን መልእክት እንዴት ነው የሚያጠፉት?" አሉ። ኤልቤቴል ማየቱ ከብዷቸው መሰላት። የት እንደሚጫን አሳየቻቸው። እሳቸው በራሳቸው ጣት ተጫኑት።

ቀብሩ ሆነ። ድንኳኑ የተተከለው ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ነው፣ አግዳሚው የወጣው ከአዳራሹ ነው። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ወንጌላዊው ስለ ተስፋ ተናገረ። በፍቃዱ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ አያለቅስም። አቶ ኃይለኢየሱስም ሰላምታቸው ያደረገውን ሰምተው ከዲላ ድረስ መጥተው ጥግ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ኤልቤቴል ከትናንት ጀምሮ ስትለማመደው የነበረውን ነገር በአፏ ይዛለች። ዛሬ፣ እዚሁ፣ ሰው ፊት ትናገረዋለች። የቆረጠችው ይህንን ነው። የእናቷ ቃል ሰው እንዳስቀረ ዳገቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ካልተናገረች እንዴት አድርጋ እናቴ ትላቸዋለች?

ዝማሬው ሲያልቅ በፍቃዱ ቀና አለ። ያየው እማማ ድንቅነሽን ነው።

"እማማ" አለ። ድምፁ ሰላላ ነበር። "ሮሆቦት ልትወጣ ስትል 'መልእክት አልመጣም' ብለዋታል አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መልእክቱ መጥቶ ነበር ወይስ አልመጣም?"

ኤልቤቴል ከአግዳሚው ተነሳች።

"መጥቷል" አሉ እማማ ድንቅነሽ።

ፊታቸውን ወደ በፍቃዱ አዞሩ።

"መጥቶልኝ ነበር በፍቃዱ። 'ውጡ' ይላል፣ አንብቤዋለሁ። ዝናቡ ያባራል ብዬ ያዝኩት። ቤቴን ትቼ መሄድ አሳሳኝ። ልጄ ልካ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ።"

"እማ!" አለች ኤልቤቴል። "እማ፣ ምን እያልሽ ነው? እንደሱ አይደለም..."

"ዝም በይ!" እናቷ እንዲህ ጮኸውባት አያውቁም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "ሰው ጉሮሮው ደርቋል። ሂጂ ሻይ አምጪ" አሉ።

ኤልቤቴል አቶ ኃይለኢየሱስን አየቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ከዚያ አይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሰዉን አየችው። እማማ ድንቅነሽ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ራቅ ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ አየች። አንድ ሰው "ምነው እማማ፣ ምነው!" አለ። ሌላው ምራቁን ተፋ። እናቷ ግን ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ቃሉ በአፏ ውስጥ ነበር፣ ከፈለገች መናገር ትችል ነበር። ማንም አልያዛትም።

ከድንኳኑ ወጣች። ጀበናው ሳይሆን ትልቁ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ነበር፣ አነሳችው። ስኒ ያዘች። ከዳር ጀምራ ቀዳች። ለወንጌላዊው ቀዳች፣ ለአቶ ኃይለኢየሱስ ስትደርስ እጃቸውን አልዘረጉም፣ አለፈቻቸው። በፍቃዱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቀይ አፈር ገና አልወጣም። ስኒውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

"ተባረኪ" አላት። "አንቺማ ምን ታደርጊ፣ ልከሽ ነበር።"

ኤልቤቴል ቀዳችለትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።